«በስንት ቁጥር ነው የምትነፋው?» ስለ ትራምፔት ማውዝፒስ በየልምምድ ቤቱ የሚባለውና እውነታው

ሁለት ትራምፔት ተጫዋቾች ሲተዋወቁ ከሰላምታው ቀጥሎ የምትመጣው ጥያቄ ትታወቃለች። «በስንት ቁጥር ነው የምትነፋው?» የሚጠያየቁት ስለ ትራምፔቱ አይደለም። ጫፉ ላይ ስለምትሰካው ማውዝፒስ ነው። እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አሁን ልጆች ሳስተምር ጥያቄዋ ከነስህተቶቿ ተመልሳ ትመጣለች። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ደግሞ ዕድላቸው አንድ ነው። አክስት ከውጭ ስትመጣ አንድ ማውዝፒስ ይዛ ትመጣለች፤ ካልሆነላቸው የሚመለስበት መንገድ የለም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ በስም እንግባባ። ከንፈር የሚያርፍበትን ክብ፣ ጠርዝ እለዋለሁ። ከጠርዙ ሥር ጎድጎድ ያለው ሲኒ ነው። ሲኒው መጨረሻ ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ጉሮሮ ናት። ከእሷ ቀጥሎ እየሰፋ የሚሄድ የውስጥ መንገድ አለ። ውጭውን ትራምፔቱ ውስጥ የሚገባው ደግሞ እግሩ ነው።

«ሲኒው ጥልቀት ከሌለው ላይኛው ኖታ ይወጣልሃል»

ከሁሉም በላይ ሰው ያሳሳተችው ይህች ናት። ሲኒው ጥልቀት ሲያጣ ድምፁ ይደምቃል፣ ይሾላል። በትልቅ ባንድ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሆኖ ሌሊቱን ለሚነፋ ሰው ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ኖታውን የሚወልደው ግን ከንፈርና ትንፋሽ ነው። ከንፈሩ በፈጣን ንዝረት መርገብገብ ያልተማረ ሰው፣ ጥልቀት የሌለው ሲኒ ቢይዝ የሚያገኘው እነዚያኑ ኖታዎች በሾለ ድምፅ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። መንፋት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሻጭ «ይሄ ከያዝክ ጣሪያ የለህም» ብሎ ሸጠልኝ። በመጀመሪያው ማታ ሁለት ኖታ ወደ ላይ ጨመርኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ታችኛው ድምፄ ሳሳ። ቀስ ያለ ትዝታ ስነፋ የምወደው ያ ሞቅ ያለ ቃና ጠፋ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። መድረክ ላይ ሲመሽ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ከንፈር ሲደክም ያብጣል። ያበጠ ከንፈር ጥልቀት የሌለው ሲኒ ውስጥ ሲገባ የሲኒውን ወለል ይነካል። ሲነካ ንዝረቱ ይቆማል፣ ድምፁም እዚያው ይቆረጣል። ላይኛውን ፍለጋ ሄጄ ላይኛውንም ታችኛውንም ያጣሁባቸው ምሽቶች ነበሩ።

«ነፋሁት፣ ወደድኩት፣ በቃ ይሄ ነው»

አዲስ ማውዝፒስ ጫጉላ አለው። ጠርዙ ከለመዳችሁት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል፣ ያልደከመ ቦታ ያገኛል። ጆሮም አዲስ ነገር ይወዳል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ሁሉ ከአሮጌው የሚሻል የሚመስለው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ አካል ወደ ልማዱ ይመለሳል። እውነተኛው ጠባይ የሚታየው ያኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የትራምፔቱ አፍ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ እናንተ ከኋላ ናችሁ። የምትሰሙት ድምፅ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የሚሰማው አይደለም። ከፊሉም በጥርስና በአጥንት በኩል የሚደርሳችሁ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትፍረዱ። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ጆሮውን የማምነው ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ክፍሉ ጥግ ይቆማል። የትኛውን እንደያዝኩ አልነግረውም። በሁለቱም ያንኑ እነፋለሁ፦ አንድ ረጅም ኖታ በጣም በቀስታ፣ አንድ ስኬል ከታች እስከ ላይ፣ አንድ ቀስ ያለ ዜማ፣ ከዚያ በምላስ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ነገር። በቀስታ የሚነፋው ኖታ ብዙ ይናገራል። ትንፋሹ ተነስቶ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ያ ማውዝፒስ ከእናንተ ጋር አልተስማማም። የስልክ መቃኛም ክፈቱ። አንዱ ማውዝፒስ ላይኛውን ኖታ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ሌላው ያወርዳል። ይህን ሁሉ ትኩስ ሆናችሁ አንድ ጊዜ፣ ደክማችሁ ሌላ ጊዜ አድርጉት። ሰው የሚያስተውለው ስላልመሰለኝ ነው አጥብቄ የምናገረው፦ የደከመው ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል።

«ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል»

በአንዱ ኩባንያ አዎ፣ በሌላው ተቃራኒው ነው። ቪንሰንት ባክ የሚባል ኦስትሪያ የተወለደ ትራምፔት ተጫዋች አሜሪካ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ ውስጥ ማውዝፒስ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ሁሉም የሚጠራቸው 7ሲ፣ 3ሲ፣ 1ሲ የመጡት ከእሱ ነው። በባክ አቆጣጠር ቁጥሩ ባነሰ መጠን የጠርዙ ውስጠኛ ክብ ይሰፋል። ፊደሉ ደግሞ ጥልቀት ነው፤ ከኤ ወደ ኤፍ ሲሄድ ሲኒው ጥልቀት እያጣ ይመጣል። ያማሃ ሁለቱንም ገለበጣቸው። በያማሃ ቁጥር ሲጨምር ይሰፋል፣ ፊደሉም ከኤ ወደ ኢ ሲሄድ ይጠልቃል። ከያማሃ የጀማሪ ትራምፔት ጋር የሚመጣው 11ቢ4 ከባክ 7ሲ ጋር ተቀራራቢ ነው። አንድ ተማሪዬ ከ7ሲ ሰፋ ያለ ፈልጎ የባክ 10½ሲ አስመጣ። የደረሰው ጠባብ ነበር። ያንን ዕቃ ያመጣችው እህቱ ሻንጣዋን ስትከፍት ፊቱ እንዴት እንደነበር አይረሳኝም።

ቁጥሩን በትክክል ብታነቡትም ሁሉን አይነግራችሁም። በባክ ዝርዝር ላይ የ7ሲ ስፋት 16.20 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ3ሲ ደግሞ 16.30። ልዩነቱ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ከንፈር ላይ ግን ሁለቱ ጨርሶ አይመሳሰሉም፤ ምክንያቱም የጠርዙ ቅርጽ ይለያያል። የ7ሲ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሾል ይላል። በተጨማሪ ሲኒ ቀጥ ያለ ጎን የለውም፣ እየጎበጠ ነው የሚወርደው። ስፋቱን ከየት ላይ እንለካ በሚለው ኩባንያዎች አልተስማሙም። ስለዚህ «3ሲ» የሚል የሁለት ፋብሪካ ዕቃ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

«7ሲ የጀማሪ ነው፤ የበሰለ ሰው ሰፊ ይነፋል»

7ሲ ጀማሪ ጋ የበዛው ከአዲስ ትራምፔት ጋር ሳጥን ውስጥ ስለሚመጣ ነው። ደረጃ አይደለም። የሰፊው ፍቅር በከፊል የመጣው ከአዶልፍ ኸርሰት ነው። ይህ ሰው ከ1948 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋናው ትራምፔት ተጫዋች ነበር። ድምፁን የሰማ ሁሉ እሱን መሆን ተመኘ፣ የሚነፋበትን ሰፊ የባክ 1 መጠንም ተከተለ። ኸርሰት ግን ወደ ሰፊው የዞረው እ.ኤ.አ. በ1952 በመኪና አደጋ አፉ ከተጎዳ በኋላ ነው። ለተጎዳ ከንፈሩ የተመቸውን መረጠ። የእሱን ቁጥር የገዛ ሰው የእሱን ከንፈር፣ የእሱን ሳንባ፣ የእሱን የሃምሳ ዓመት ልምምድ አልገዛም።

«ከንፈርህ ወፍራም ነው፣ ትልቁን ያዝ»

ይህን ለልጅ የሚናገር አስተማሪ ሲገጥመኝ አዝናለሁ። ልጁ ስለ ራሱ ፊት እንዲያፍር ያደርጋል፣ ደግሞም ልክ አይደለም። ከውጭ የምናየው ከንፈር በሙሉ አይንቀጠቀጥም። የሚሠራው ጠርዙ ውስጥ የገባችው ትንሽ ክፍል ናት። ጥርስ እንዴት እንደተደረደረ፣ መንጋጋ የት እንደሚቀመጥ ከውፍረቱ ይበልጥ ይወስናሉ። ወፍራም ከንፈር ኖሮት በጠባብ የሚመቸው አለ፣ ስስ ከንፈር ይዞ ሰፊ የሚወድ አለ። መታየት ያለበት ጠርዙ የት እንዳረፈ ነው። የላይኛው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ለስላሳው ቀይ ሥጋ ላይ ከወደቀ ከአስተማሪያችሁ ጋር ተመልከቱት።

«ወርቅ ቅብ ድምፁን ያሞቃል»

ቅቡ እጅግ ስስ ነው። የሚለውጠው ስሜቱን ነው፤ ወርቅ ከንፈር ላይ ለስለስ ይላል፣ ያንሸራትታል። ብር ለማይስማማው ቆዳ ወርቅ ጥሩ መፍትሔ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቅቡ ተልጦ ናሱ ከወጣ ነው። እርቃኑን የወጣ ናስ ከንፈር ሊያስቆጣ ይችላል።

«ጉሮሮውን ብናሰፋው ትንፋሽ ይለቃል»

የባክ መደበኛ ጉሮሮ 3.66 ሚሊ ሜትር ነው። በመሰርሰሪያ ትንሽ ሲሰፋ በእርግጥ ይለቃል፤ ነገር ግን የሚገታ ነገር ስለሚቀንስ ትንፋሻችሁ ቶሎ ያልቃል፣ ቅኝቱም ሊዛባ ይችላል። የተሰረሰረ ናስ ደግሞ አይመለስም። አንድ ያላችሁን ማውዝፒስ ይሰርስርልኝ ብላችሁ ለማንም እንዳትሰጡ።

«ቶሎ የምደክመው በማውዝፒሱ ነው»

አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የክንድ ነው። ኖታው ከፍ ሲል ትራምፔቱን ከንፈራችን ላይ እንጫናለን፣ ደም መዘዋወሩ ይታገዳል፣ ከንፈር ይደነዝዛል። ሉዊስ አርምስትሮንግን የሚያህል የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተጎድቶ ለወራት አርፏል። በጫና የሚነፋ ሰው የትኛውም ጠርዝ አያድነውም።

ባለፈው አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ማውዝፒስ አልሆነኝም፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ሌላ ምረጥልኝ» አለኝ። ወደ ብርሃን አድርጌ በቀዳዳው አየሁ። ጉሮሮው በቆሻሻ ግማሹ ተዘግቷል። እግሩም ወድቆ ጫፉ ተጣሟል። በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብነው፣ በትንሽ ብሩሽ ውስጡን ፋቅነው። ጫፉን ለሙያው ባለቤት ሰጥተን አስተካከልነው። ትራምፔቱ ውስጥ ሲያስገባው እንዳይመታው፣ ቀስ ብሎ አስገብቶ ትንሽ እንዲያዞረው አሳየሁት። አንድ ረጅም ኖታ ነፋ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ደግሞ ነፋ። ማውዝፒሱ ባክ 7ሲ ነበር፤ ዛሬም የሚነፋው በእሱ ነው።