ስፔስ ኦፔራ ምንድን ነው?

ስፔስ ኦፔራ ጠፈር ላይ የሚካሄድ የጀግና ታሪክ ነው። መንኮራኩሩም ሌዘሩም ሮቦቱም አለ፤ ታሪኩን የሚገፋው ግን ዙፋን፣ ቂም፣ መሐላ፣ የአባትና የልጅ ጉዳይ ነው። ሳይንሱ ተሳስቷል ብሎ ፊልሙን የሚጠላ ተመልካች እምብዛም የለም። የጀግናውን ጠባይ ከነካኸው ግን ጠብ ይነሳል።

ስሙ ሲወጣ ስድብ ነበር። ያወጣው ዊልሰን ተከር የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1941 ነው። ያን ጊዜ የሳሙና ፋብሪካዎች ገንዘብ የሚከፍሉላቸው፣ ማለቂያ የሌላቸው የሬዲዮ ድራማዎች «ሶፕ ኦፔራ» ይባሉ ነበር፤ ተከርም ያረጀ ታሪክ መንኮራኩር ላይ እየጫኑ የሚያቀርቡትን ደራሲዎች በዚያው ዓይን አያቸው። ዘፈን የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ።

ዘሩ ከስሙ ይቀድማል። «ፍላሽ ጎርደን» በ1934 የጋዜጣ ሥዕላዊ ታሪክ ሆኖ ጀመረ፣ በ1936 ደግሞ በየክፍሉ የሚታይ ፊልም ሆነ። ጆርጅ ሉካስ በልጅነቱ ያንን በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር፤ አድጎ እንደገና ሊሠራው ቢፈልግ መብቱን ማግኘት አልቻለም፣ ስለዚህ የራሱን ጻፈ። «ስታር ዋርስ» አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት እዚህ አገር የነበረ ሰው ስለ ሌላ ጋላክሲ ጦርነት የሚጨነቅበት ፋታ አልነበረውም።

እኛ ያየነው ብዙ ቆይቶ፣ ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ በካሴት ነው። እንግሊዝኛው አብዛኞቻችን አልገባንም። ታሪኩ ግን ገባን፦ ጥቁር የለበሰው ጠላት ነው፣ ሽማግሌው ባለሙያ ነው፣ ልጁ አባቱን አያውቅም። ጥሩ ስፔስ ኦፔራን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ቋንቋው ተወስዶበት የማይገባ ከሆነ ሌላ ዓይነት ፊልም ነው።

እስካሁን ስንገናኝ ቡናው ቀዝቅዞ የሚቀረው ግን በአንድ ትዕይንት የተነሳ ነው። ሃን ሶሎ ዕዳ ያለበት ኮንትሮባንዲስት ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ግሪዶ የሚባል አረንጓዴ ፍጡር ጠረጴዛ ተሻግሮ ሽጉጥ ደግኖበታል። ሃን በግራ እጁ ግድግዳውን እየጫረ ወሬ ያረዝማል፤ ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ሽጉጡን ቀስ አድርጎ ከአፎቱ ያወጣል። ከዚያ ጭስ። ሃን ተነስቶ ለአሳላፊው ሳንቲም ይወረውርና ቤቱን ስላቆሸሸበት ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም የተኮሰው ሃን ብቻ ነው። በ1997 ሉካስ ፊልሙን አድሶ ሲያወጣው ግሪዶ ቀድሞ ተኩሶ ይስታል። ያውም ጠረጴዛ ብቻ በሚለያቸው ርቀት! በ2004 ዲቪዲ ደግሞ ሁለቱ እኩል ሊተኩሱ ምንም አልቀራቸው። በ2019 ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት «ማክላንኪ» የምትል ቃል ተጨመረችለት። ስለዚህ ካሴቱን ያየው ጎልማሳና ዲቪዲውን ያየው ወጣት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያዩት ፊልም ለየቅል ነው።

ጎጃም ውስጥ ደም ሊያደርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ «ማን ቀድሞ ተኮሰ?» ሳይል አያልፍም፤ ክርክሩ እኛ ጋ የሚከረውም ለዚህ ይመስለኛል። «ወንድምዓለም፣ ሽጉጥ የተደገነበት ሰው ጥይቱ እስኪመጣ ይጠብቅ እንዴ?» ይላል አንዱ። ወጣቱ ደግሞ «ጋሼ፣ ጀግና አድብቶ አይገድልም» ይለዋል። ሉካስም በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት ከወጣቱ ብዙም አይርቅም፤ ሃን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዲታይ አልፈለገም። እኔ ግን ከካሴቱ ወገን ነኝ። ሃን መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ወጣቱን ጀግና ሉክን የሚያድንበት ቦታ የሚጣፍጠው መጀመሪያ ላይ ለራሱ ብቻ የሚኖር ሰው ስለነበረ ነው። ከጅምሩ ጨዋ ካደረጉት ምኑ ይለወጣል?

ከመካከላችን ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለ። እሱ የሚያነሳው ሌላ ነው። ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ ድምፅ አይሰማም፣ እነዚህ ግን እያጓሩ ይዋጋሉ። ሃን መርከቤ ፈጣን ናት ብሎ የሚፎክርበት «ፓርሴክ» ደግሞ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚሆን ርቀት እንጂ ጊዜ አይደለም። ልክ ነው፣ አንከራከረውም። የጠላት አውሮፕላኖቹን ጩኸት የፊልሙ ድምፅ ባለሙያ ቤን በርት የሠራው የዝሆን ድምፅና እርጥብ አስፋልት ላይ የሚሄድ መኪና ድምፅ ቀላቅሎ መሆኑን ስነግረው ግን እሱም ሳቀ።

መምህሩ የሚወደው የስታንሊ ኩብሪክን «2001» ነው። ከ1968 ጀምሮ የሚደነቅ ፊልም ነው፣ ጠፈሩም ጸጥ ያለ ነው፤ ስፔስ ኦፔራ ግን አይደለም። ቂም የያዘ ሰው የለበትም።

አስቸጋሪው «ስታር ትሬክ» የሚባለው ተከታታይ የጠፈር ፊልም ነው። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ያስወጣዋል። እኔ በየፊልሙ ነው የማየው። የ1979ኙ በዝግታ የሚያስብ፣ የሚጠይቅ ፊልም ነው፤ አላስገባውም። የ1982ቱ ላይ ግን ኻን አለ፦ ካፒቴን ከርክ አንዲት ፕላኔት ላይ ትቶት የሄደ፣ ሚስቱ እዚያው የሞተችበት፣ 15 ዓመት ቂሙን ሲያበስል የኖረ ሰው። እሱን ያላስገባ ስፔስ ኦፔራ ማንን ሊያስገባ ነው? የ1979ኙን መምህሩ ይውሰደው።