ወጣት በረኛ ለስንት ዓመት ይፈርም? በሆኪ ውል ዙሪያ የተለመዱ ስህተቶች

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ አንድ ወጣት በረኛ ጥሩ ዓመት ባሳለፈ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ስምንት ዓመት ይፈርም? ወይስ ሁለት ሦስት ዓመት ሰጥተን እንየው? በክርክሩ ተደጋግመው የሚሰሙ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን የማያስኬዱ አባባሎች አሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዲፒየትሮን አታስታውሱም? ረጅም ውል ዕብደት ነው»

እናስታውሳለን እንጂ! ኒውዮርክ አይላንደርስ በረኛውን ሪክ ዲፒየትሮን በ2006 ለ15 ዓመት በ67.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በዓመት 4.5 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የሚረሳው ነገር፣ ልጁ መጀመሪያ ላይ አላሳፈረም። በ2008 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰልፏል። የከዳው ችሎታው ሳይሆን ሰውነቱ ነው። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ጭንቅላት፣ ያልተጎዳው የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት የውድድር ዘመናት በድምሩ 50 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ።

በ2013 ክለቡ ውሉን አፈረሰ። የቀረው ስምንት ዓመት 36 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሊጉ ደንብ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 24 ሚሊዮኑ፣ በቀሪው ዓመት እጥፍ፣ በ16 ዓመት፣ ተከፋፍሎ ይከፈላል። ስለዚህ ዲፒየትሮ እስከ 2029 ድረስ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ይደርሰዋል። አንድ ምት ሳያድን!

ግን እንዲህ ያለ ውል ዛሬ የለም። ከ2013 ወዲህ ክለብ የራሱን ተጫዋች ማስፈረም የሚችለው ቢበዛ ለስምንት ዓመት ነው። በ2026 የሚጀምረው አዲሱ የሊጉና የተጫዋቾቹ ስምምነት ደግሞ ወደ ሰባት አውርዶታል። የስድስት ዓመት ውልን በዲፒየትሮ ማስፈራራት አይገናኝም።

«አጭር ውል ለክለቡ ይረክሳል»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያከራክረኝ። አጭር ውል የሚረክሰው ዛሬ ነው። ኢጎር ሼስተርኪን በ2021 ከኒውዮርክ ሬንጀርስ ጋር ለአራት ዓመት ሲፈርም፣ በዓመት የሚደርሰው ወደ 5.67 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመቱ የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ የቬዚናን ዋንጫ ወሰደ። አራቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል በእጁ ሁሉም ካርድ ነበረው። በ2024 መጨረሻ ለስምንት ዓመት በ92 ሚሊዮን ፈረመ። በዓመት 11.5 ሚሊዮን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለበረኛ እንዲህ የተከፈለ የለም። የዳላሱ ጄክ ኦቲንገርም በ2022 ለሦስት ዓመት 12 ሚሊዮን ወሰደ። ቀጣዩ ውል ስምንት ዓመት፣ 66 ሚሊዮን ሆነ። ከእጥፍ በላይ!

አሁን ዊኒፔግን እዩ። ኮነር ሄለባክ በ2017 የፈረመው ለአንድ ዓመት በ2.25 ሚሊዮን ነበር። ያንን ዓመት ድንቅ አድርጎ ጨረሰ። ክለቡ ሳያመነታ በ2018 ለስድስት ዓመት በ37 ሚሊዮን አሰረው፤ ያኔ 25 ዓመቱ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቬዚናን አሸነፈ፣ ዊኒፔግ ግን በዓመት ከ6.2 ሚሊዮን በታች እየከፈለ ኖረ። የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ) ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ያ ገንዘብ እያነሰ የሚታይ ነው።

«ረጅም ካልሰጠነው ጥሎን ይሄዳል»

እንዲህ ቀላል አይደለም። ተጫዋቹ 27 ዓመት እስኪሞላው ወይም ሰባት የውድድር ዘመን እስኪጨርስ መብቱ በክለቡ እጅ ነው። ሌላ ክለብ ገንዘብ ቢያቀርብለት እንኳ የቀድሞው ክለብ ያንኑ ከፍሎ ሊያስቀረው ይችላል። የቦስተኑ ጄረሚ ስዌይማን በ2024 ሳይፈርም የዝግጅት ጊዜው በሙሉ አለፈው፤ ሆኖም የትም አልሄደም። ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት እዚያው ቦስተን ለስምንት ዓመት ፈረመ። መኮራረፍ ይኖራል፣ እሱ አይቀርም።

«ሁለት ጥሩ ዓመት ካየን ይበቃል»

ማት መሪ ገና ጀማሪ ሳለ፣ በ2016 እና በ2017፣ ከፒትስበርግ ጋር የሊጉን ሻምፒዮና፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሁለት ጊዜ አነሳ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ኦታዋ በ2020 አራት ዓመት በ25 ሚሊዮን ሰጠው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ ታችኛው ሊግ አወረደው፣ በ2022 ደግሞ ከደመወዙ ሩቡን ራሱ እየከፈለ ለቶሮንቶ ሸኘው። አራት ዓመት ብቻ ነበር እኮ! የሚያስጨንቀው የዓመቱ ብዛት ብቻ ቢሆን ይሄ ውል ባልጎዳ ነበር። በረኛ ከአጥቂ ይልቅ ለመገመት ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ የሚበስሉትም ዘግይተው ነው።

«ከተጎዳ ክለቡ አለቀለት»

ኬሪ ፕራይስ ከሞንትሪያል ጋር ስምንት ዓመት፣ 84 ሚሊዮን ፈረመ። ጉልበቱ ከ2022 ወዲህ ወደ ሜዳ አልመለሰውም። ገንዘቡን መክፈል አልቀረም፣ ግን ለረጅም ጊዜ ለተጎዱ ተጫዋቾች በተሠራው ደንብ ክለቡ ከደመወዝ ጣሪያው በላይ ወጥቶ ሌላ ሰው ማስፈረም ይችል ነበር። በመስከረም 2025 ደግሞ ሞንትሪያል ውሉን ለሳን ሆዜ አስተላለፈ። ለሦስት ዓመት በረዶ ላይ ያልቆመ በረኛ ውል እንኳ ተቀባይ አላጣም።