የንጉሥ አጫዋች ዥንጉርጉር ልብስ ምንድን ነው?

አንዱ እግር ቀይ፣ አንዱ እግር ቢጫ። ኮቱ ከመሀል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሌላ ቀለም። ራስ ላይ የአህያ ጆሮ የመሰለ ነገር የተቀጠለበት ቆብ፣ በየጫፉ ቃጭል፣ በእጅ ደግሞ አናቱ ላይ የሰው ፊት የተቀረጸበት አጭር በትር። በአውሮፓ ነገሥታት አዳራሽ ጌታውን የሚያስቀው፣ አንዳንዴም ሌላው የማይደፍረውን ነገር ወርውሮ የሚያልፈው የንጉሥ አጫዋች በሥዕልም በፊልምም የሚመጣልን እንዲህ ለብሶ ነው። እንግሊዞች ልብሱን ሞትሊ ይሉታል።

ዛሬ ይህን ልብስ ያየ ሰው ልደት ላይ ሕፃናት የሚያስቅ ክላውን ትዝ ይለዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበረ ሰው ግን ከሳቁ በፊት የሚያነበው ሌላ ነገር ነበር፦ ይህ ሰውዬ ከሰው ተራ የወጣ ነው፣ ለሚናገረውም አይጠየቅም። እኔ እስከገባኝ ድረስ የልብሱ ታሪክ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ አለመጠየቅ ዙሪያ ነው።

ከጨርቁ እንጀምር። እኛ ዛሬ አንድ አድርገን የምናየው ልብስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ራሱ ሞትሊ የሚባለው የእንግሊዝ ጨርቅ ነው። ቀለማቸው የተለያየ የሱፍ ክሮች አብረው ተሸምነው የሚወጣ፣ ቡራቡሬ የሆነ፣ ማንም ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ጨርቅ ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጻፋቸው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ ሞትሊ ለብሶ በፈረስ የሚሄደው ነጋዴ ነው። ሰውዬው ደግሞ ከቀልድ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ስለ ትርፉ ብቻ የሚያወራ፣ ዕዳውን ግን ለማንም የማያሳይ ኩሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስፌቱ ነው። ልብስን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፍሎ በሁለት ቀለም መስፋት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመኳንንቱ የራሳቸው ፋሽን ነበር። ጌቶች የቤታቸውን አገልጋዮችም በመረጡት የቤታቸው ቀለም ያለብሷቸው ነበር፤ የደንብ ልብስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ቀለም የለበሰ አጫዋች መጀመሪያ የሚናገረው የማን ሰው እንደሆነ ነበር። ቃጭሉም ቢሆን እንደዚያው ነው። በጀርመን አገሮች መሳፍንቱ ራሳቸው ከመታጠቂያቸው ቃጭል እያንጠለጠሉ፣ እየተንቃጨሉ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ፋሽኑ ተለወጠ፣ ጌቶቹ ጥለውት አለፉ፣ አጫዋቹ ግን በአሮጌው ፋሽን ላይ ቀረ። ትናንት ያማረ የነበረ ነገር ዛሬ ሲለበስ ያስቃል፤ የልብሱ ቀልድ ግማሹ ምናልባት ይኸው ነው።

ግማሹ ግን ከበድ ይላል። ያ ዘመን የተቀላቀለ ነገርን አይወድም ነበር። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ሱፍና የተልባ እግር አንድ ላይ የሆነበትን ልብስ አትልበስ ይላል፤ ሕጉን ቃል በቃል የሚፈጽም ክርስቲያን ብዙ ባይኖርም የጥርጣሬው ስሜት ግን ቀርቶ ነበር። ይህን ለማየት የቀርሜሎስ መነኮሳትን ጉድ መስማት ይበቃል። እነዚህ መነኮሳት በ1254 የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 9ኛን ተከትለው ከቅድስት አገር ፓሪስ ሲገቡ የለበሱት ካባ ባለ መስመር ነበር፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁረት ያለው እያለ የሚወርድ። ከተማው ሳቀባቸው፣ ሰደባቸው፣ በመስመሩ ቅጽል ስም አወጣላቸው። መነኮሳቱ በበኩላቸው ካባቸውን እስከ ነቢዩ ኤልያስ አደረሱት፦ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ለኤልሳዕ የጣለለት መጎናጸፊያ በእሳቱ መሀል ሲያልፍ እጥፉ ውስጥ የተሸሸገው ነጭ እንደሆነ ቀረ፣ የተገለጠው ተለበለበ አሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በ1287 ሞንፔሊዬ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው ባለ መስመሩን ትተው ነጭ ካባ ያዙ። ለመነኩሴ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በአካሉ ላይ ሁለትና ሦስት ቀለም ተሸክሞ የሚዞር ሰው እንዴት ይታይ እንደነበር መገመት ቀላል ነው።

ቀለሞቹም የየራሳቸው ትርጉም ነበራቸው። ቢጫ የከሃዲ ቀለም ነበር። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቶ በ1305 አካባቢ ፓዱዋ ከተማ ባለች አንዲት የጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ይሁዳ ጌታን ሲስም ሲሥል ያለበሰው ሰፊ ቢጫ ካባ ነው፤ ካባው ክርስቶስን ሊውጠው ይደርሳል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኃጥኡ በጎን ፊቱ፣ በአንድ ዓይኑ ተሥሎ እንደሚለይ፣ እነሱ ዘንድ ቢጫው ይለየዋል። አረንጓዴ ደግሞ የማይረጋ፣ ዛሬ ያለ ነገ የሌለ ነገር ቀለም ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በፈረንሳይ ዲጆን ከተማ የነበረው "እብዷ እናት" የሚባለው የቀልደኞች ማኅበር የለበሰው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ነው። ማኅበሩ በካርኒቫል ቀን በከተማው ሹማምንት ላይ ሲያላግጥ ኖሮ በ1630 በንጉሥ ሉዊ 13ኛ ትእዛዝ ተዘጋ።

ልብሱ ቀስ በቀስ እንዴት እንደተገነባ ለማየት ግን ከዳዊት መዝሙር የተሻለ ቦታ የለም። መዝሙር 52 የሚጀምረው "ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል" ብሎ ነው። በአውሮፓ በሥዕል ያጌጡ የዳዊት መጻሕፍት በዚህ መዝሙር ራስጌ ላይ ያንን "ሰነፍ" (እዚህ ላይ ቂል ማለት ነው) ይሥሉት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሚታየው ግማሽ ራቁቱን የሆነ ወይም ቡትቶ የለበሰ ሰው ነው፤ በአንድ እጁ ዱላ ይዟል፣ በሌላው የያዘውን ድቡልቡል ዳቦ ይገምጣል። ሳቅ የለበትም፣ ያስፈራል። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ያው ሰው በዚያው ገጽ ላይ መልበስ ይጀምራል። ባለ ጆሮ ቆብ ይመጣል፣ ቀለሙ ለሁለት ይከፈላል፣ ቃጭል ይጨመራል። ዱላው ወደ በትርነት ይለወጥና አናቱ ላይ የራሱ የቂሉ ፊት ይቀረጽበታል። አምላክ የለሹ ሰነፍ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የቤተ መንግሥት አጫዋች ሆኖ ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በየቤተ መንግሥቱ ሁለት ዓይነት አጫዋቾች ነበሩ። አንዱ ከተፈጥሮው የአእምሮ ጉዳት ያለበት፣ ጌታው የሚመግበውና ጠባቂ የሚመድብለት ሰው ነው። ሌላው አእምሮው ምንም ያልሆነ፣ እንዲያውም ከብዙ ሹማምንት የበለጠ ስል የሆነ፣ ቂልነትን ሙያው ያደረገ ሰው ነው። የመጀመሪያው የሚናገረውን አያውቅም ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛው ይህን ምሕረት ፈለገ፤ የሚያገኘው ደግሞ ያንኛውን መስሎ በመታየት ነበር። የቂሉን ምልክት ከላይ ደርቦ ከታች ብልጠቱን ይዞ ገባ። ይህ ነገር ለእኔ ከቀለሞቹ ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ይመስለኛል፤ ጨካኝ ጎኑም አይረሳም፣ በእውነተኛው ችግረኛ ላይ የቆመ መብት ነውና።

ዛሬ የምናውቀውን መልክ አንድ ወጥ ያደረገው ማተሚያው ነው። ጀርመናዊው ጸሐፊ ሴባስቲያን ብራንት በ1494 ባዝል ከተማ ያሳተመው "የሞኞች መርከብ" በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎች የሞሉበት መጽሐፍ ነበር፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የወጣቱ ጀርመናዊ ሠዓሊ የአልብሬክት ዱረር ሥራ እንደሆኑ ይነገራል። ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ የማያነበውን መጽሐፍ የሚሰበስበው ምሁርም ባለ ጆሮና ባለ ቃጭል ቆብ ጭነው ይታያሉ። መጽሐፉ በአውሮፓ ቋንቋዎች እየተመለሰ ሲዛመት ቆቡም አብሮ ዞረ። የጣሊያን ኮሜዲ ገጸ ባሕርይ የሆነው አርሌኪን በቅዳጅ ጨርቅ የተጣጣፈ ልብሱ፣ በኋላ ቅርጽ ይዞ ባለ ሰያፍ አራት ማዕዘን የሆነው፣ ዘመዱ ቢመስልም የመጣው ከመድረክ ነው። የካርታው ጆከር ደግሞ የትናንት ልጅ ነው፤ በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዩከር ለሚባል ጨዋታ ተጨምሮ፣ የአጫዋቹን ልብስ የለበሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ እውነተኞቹ አጫዋቾች ምን ይለብሱ ነበር? አብዛኞቹ ሥዕሉ ላይ ያለውን አይለብሱም ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ አጫዋች ዊል ሶመርስ ጥሩ ምስክር ነው። በ1535 የንጉሡ የልብስ ግምጃ ቤት ሒሳብ ላይ "ለሞኛችን" ተብሎ የተሰፋለት ተጽፏል፦ ገበሩ ሸራና ጥጥ የሆነ የሱፍ ሰደርያ፣ ከዚያም ከአረንጓዴ ጨርቅ የተሰፋ፣ ቀይ ዘርፍ የተደረገበት፣ ሸካራ ሱፍ ከውስጥ የገባለት ኮትና ቆብ። ለቀዝቃዛ አዳራሽ የሚሆን የሚሞቅ ልብስ ነው። ቃጭል አልተጻፈም፣ የአህያ ጆሮም የለም። ሄንሪ በ1540 አካባቢ ያሠራው የግል ዳዊት ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ንጉሡ በገዛ እጁ ዳር ዳሩን ማስታወሻ ጽፎበታል። መዝሙር 52 ላይ ሄንሪ ራሱ ዳዊትን ሆኖ በገና ይደረድራል፣ አጠገቡ ሶመርስ አረንጓዴ ባለ ቆብ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። "አምላክ የለም" የሚለው ሰነፍ መሆኑ ነው። ሰዓሊው ሶመርስን አክብሮ ይሁን ተሳልቆበት ለመናገር ያስቸግራል፤ መልኩ ግን በጣም ቁም ነገረኛ ነው።

ስፔን ብንሄድ ዲዬጎ ቬላስኬዝ በ1630ዎቹ የሣለው የፊሊፕ 4ኛ አጫዋች ፓብሎ ደ ቫያዶሊድ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሷል፤ ሥዕሉ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም አለ። ማንነቱን ያልነገሩት ሰው ባለሥልጣን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ብዙዎቹ ካልለበሱት ልብሱ ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ? በአንዱ የሼክስፒር ኮሜዲ ውስጥ ዣክ የሚባል፣ ተከዝ የሚያደርገው፣ ከመኳንንት ወገን የሆነ ሰው ጫካ ውስጥ አንድ አጫዋች አግኝቶ ይቀናበታል። ሞትሊውን አልብሱኝ፣ ከዚያ የልቤን እንድናገር ፍቀዱልኝ፣ የታመመውን ዓለም አጥርቼ አሽረዋለሁ ይላል። የሚፈልገው ጨርቁን አይደለም፤ ጨርቁ የያዘውን ፈቃድ ነው።

ፈቃድ ደግሞ ይነጠቃል። አርቺባልድ አርምስትሮንግ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጄምስ 1ኛ፣ ቀጥሎም ለልጁ ለቻርልስ 1ኛ አጫዋች ሆኖ አገልግሎ ሀብት ያካበተ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። ዓይኑ የማይነሳው ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከዊልያም ላውድ ላይ ነበር። ላውድ በ1637 በስኮትላንድ ላይ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ልጫን ሲል አገሩ ተነሣበት፤ ወሬው ለንደን ሲደርስ አርምስትሮንግ ሊቀ ጳጳሱ ወደ ምክር ቤት ሲያልፍ ጠብቆ "አሁንስ ሞኙ ማነው?" አለው። ላውድ አልሳቀም። በ1638 ማርች ወር ጉዳዩ ንጉሡ ባሉበት በአማካሪዎች ምክር ቤት ታየና ቅጣቱ ተወሰነ፦ ኮቱ በራሱ ላይ ተገልብጦ ይገፈፍ፣ ከንጉሡ አገልግሎት ይሰናበት፣ ከቤተ መንግሥትም ይባረር። እንደ ወታደር ማዕረግ ኮቱ የተገፈፈው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያለ እሱ የተናገረው ሁሉ ተራ ስድብ ነው፣ ተራ ስድብ ደግሞ ያስቀጣል።

በዚያው ዘመን የታተመ አንድ ጽሑፍ እንደሚያወራው አንድ ሰው አርምስትሮንግን ከዚያ በኋላ ጥቁር ለብሶ አገኘውና ኮትህስ ብሎ ጠየቀው። ሊቀ ጳጳሱ ወሰደብኝ አለ፤ ለራሱ ወይም ለአንዱ የስኮትላንድ ጳጳስ ሳያስፈልገው አይቀርም። በምትኩ ጥቁር ሰጥቶኛል፣ ይኸኛው ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ መብት አለው፣ አሁን ያሻኝን እናገራለሁ። ጥቁር የካህናቱ ቀለም እንደነበር ልብ ይሏል።

በቦታው የተተካው መክል ጆን የሚባል ሰው ነው፤ የእንግሊዝ ነገሥታት የመጨረሻው ይፋዊ አጫዋች እሱ ነበር። ስለ ቀልዱ የሚወራ ብዙ ነገር የለም፣ የልብሱ ወጪ ግን በመዝገብ ተይዟል፦ ረጅም ኮትና ሙሉ ልብስ፣ ከዳር እስከ ዳር ደማቅ ቀይ ሰርጅ የሚባል የሱፍ ጨርቅ።