ጡረታ ሊቀየር ነው? ሀዋሳ ላይ የሚወራውና አዋጁ የሚለው

የጡረታ ሕግ ሊሻሻል ነው የሚል ነገር በተሰማ ቁጥር ሀዋሳ ባሉ የመንግሥት ቢሮዎች የሻይ ሰዓት ወሬ ይለወጣል። አንዱ መውጫ ዕድሜው 65 ሊሆን ነው ይላል። ሌላው መዋጮው ሊጨመር ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሳይቀየር በፊት ቶሎ ውጣ» ብሎ ይመክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ወሬ ሰምቶ መደንገጥ ያልፋል፤ ወሬ ሰምቶ መልቀቂያ ማስገባት ግን ዕድሜ ልክ ያስከፍላል።

«ረቂቁ ወጥቷል፣ በቃ አለቀ»

አላለቀም። የአዋጅ ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ውይይት ይደረግበታል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ሲጸድቅ ፕሬዚዳንቱ እንዲፈርሙበት ይላካል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማም ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ቴሌግራም ላይ የአንድ ገጽ ፎቶ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የአዋጅ ቁጥሩን ፈልጉ። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። እሱ የተካው ደግሞ 714/2003ን ነው።

«65 ሆኗል እኮ፣ እነ እገሌ እየሠሩ አይደል?»

አዋጁ የሚለው 60 ነው። 60 አልፏቸው ቢሮ የምታዩአቸው ሰዎች መሥሪያ ቤቱ ሙያቸውን ፈልጎ አገልግሎታቸው የተራዘመላቸው ናቸው። ለአንድ ሰው የተሰጠ ማራዘሚያ የሁሉንም ዕድሜ አይቀይርም።

«የክልል ሠራተኛ ጡረታ በክልሉ እጅ ነው»

ይሄ ወሬ ሀዋሳ ላይ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። አንድ ኮሪደር ላይ ይሠሩ የነበሩ ባልደረቦች ገሚሱ ወላይታ ሶዶ፣ ገሚሱ ሆሳዕና፣ ገሚሱ ቦንጋ ሄደ። «የቀጠረኝ ክልል ፈርሷል፤ የ20 ዓመት አገልግሎቴስ?» ብሎ መጠየቅ ታዲያ ምን ያስገርማል?

መልሱ ግን ቀላል ነው። ክልሎች የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው። ቅጥር፣ ዕድገት፣ ፈቃድና ዲሲፕሊን በሱ ይታያል። ጡረታው ግን የፌዴራል ነው። ሆሳዕና የተመደበውም፣ ሀዋሳ የቀረውም፣ አዲስ አበባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያለውም በአንድ አዋጅ ነው የሚስተናገደው። ክልል ስለተቀየረ አገልግሎት አይቋረጥም። የግል ድርጅት ብትገቡም ያለፈው አገልግሎታችሁ ይቆጠራል፤ የዚያኛው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው።

አገልግሎቱ ባይጠፋም ማኅደር ሊጠፋ ይችላል። ቢሮ ሲፈርስና ሲዋሃድ፣ ፋይል በካርቶን ታስሮ ከከተማ ከተማ ሲጓዝ፣ የቅጥር ደብዳቤ አንድ ቦታ ይቀራል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የሕይወት ታሪክ ቅጻችሁንና የደመወዝ ለውጥ ደብዳቤዎቻችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስለ ረቂቅ ከመከራከር አንድ ጠዋት ሰው ሀብት ክፍል ሄዶ ፋይልን ማየት ይበልጣል ባይ ነኝ።

«የሚሰላው በመጨረሻው ደመወዜ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ ከዚህ አማካይ 30 በመቶውን ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ያልተነቃነቀ ሰው ማለት ነው። ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ።

አሁን ወደ «ቶሎ ውጣ» ምክር እንመለስ። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከ55 ዓመቱ ጀምሮ የጡረታ አበሉን ማግኘት ይችላል። መስከረም 2018 ላይ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያድግ የሌላውም እርከን ከፍ ብሏል። ብዙዎች «ደመወዜ አደገ፣ አሁን ብወጣ ያዋጣኛል» ብለው አሰቡ።

እስቲ እናስላው። የ30 ዓመት አገልግሎት ያላት አንዲት ሠራተኛ ሁለት ዓመት 8,000፣ የመጨረሻውን አንድ ዓመት ደግሞ 12,000 ብር በላች እንበል። አማካዩ 9,333 ብር ነው። የ30 ዓመት ድርሻዋ 55 በመቶ ስለሆነ በወር ወደ 5,133 ብር ይደርሳታል። ያው ደመወዝ ሳይነካ ሁለት ዓመት ብትቆይስ? አማካዩ 12,000 ይሆናል፣ ድርሻዋም 57.5 በመቶ። አበሏ 6,900 ብር። ልዩነቱ በየወሩ ከ1,760 ብር በላይ ነው፣ በሕይወት እስካለች ድረስ። ያመመው ወይም የቤት ጉዳይ ያስገደደው ሰው ይውጣ፤ ወሬ ያባረረው ግን ይቺን ሒሳብ ይሥራ።

በነገራችን ላይ ደመወዝ ሲባል ተቀናሽ ያልወጣለት መደበኛው ደመወዝ ነው። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ የትራንስፖርት አበል አይገባበትም። አበል የበዛለት ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

«ዕድሜዬን ባስተካክል ጥቂት ዓመት አገኛለሁ»

አታገኙም። የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ነው። ኋላ ያወጣችሁት መታወቂያ ወይም የልደት ካርድ ሌላ ቀን ቢልም አይቀይረውም።

«7 በመቶው የራሴ ቁጠባ ነው»

ከናንተ 7፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይዋጣል። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ነው። ብሩ የሚገባው ግን ወደ ጋራ ፈንድ ነው እንጂ በስማችሁ ወደተከፈተ ደብተር አይደለም። የምታገኙት በላይ ባየነው ቀመር እንጂ በተጠራቀመው ልክ አይደለም። ስለዚህ መዋጮ ይጨመራል ሲባል ብትሰሙ፣ አበሉም አብሮ ያድጋል ማለት እንዳልሆነ ያዙ። ቀመሩ ካልተነካ አበሉ አይንቀሳቀስም።

«ከሞትኩ ይቀራል» ወይም «ሁሉም ለባለቤቴ ይሄዳል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለሚስት ወይም ለባል የሟች አበል 50 በመቶ ይከፈላል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። ድምሩ ግን ከሟች አበል መብለጥ አይችልም። ተተኪዎችን የሚያጉላላው ብዙ ጊዜ የሕጉ ቁጥር አይደለም፤ ማኅደሩ ውስጥ የጋብቻ ማስረጃ ወይም የልጅ ስም አለመኖሩ ነው። የሕይወት ታሪክ ቅጹን ስትሞሉ ነጠላ ከነበራችሁና ከዚያ ወዲህ አግብታችሁ ልጅ ወልዳችሁ ከሆነ፣ ሰው ሀብት ክፍል ስትሄዱ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹንም ያዙ።