አልተበላሸም! ስለ ዘመናዊ ድምፅ አልባ ፊልም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዚህ ዘመን የተሠራ ጥቁርና ነጭ ድምፅ አልባ ፊልም ሲኒማ ቤት በገባ ቁጥር የሚሰማው አቤቱታ ያው ነው፦ «ማሽኑ ተበላሽቷል።» እ.ኤ.አ. በጥር 2012 «ዘ አርቲስት» እንግሊዝ፣ ሊቨርፑል ውስጥ ሲታይ፣ ንግግር እንደሌለው ሳያውቁ የገቡ አንዳንድ ተመልካቾች የቲኬት ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠይቀው ነበር። ፊልሙ በቀጣዩ ወር አምስት ኦስካር ወሰደ። የሚያናድደው ግን እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ አቤት የሚል ሰው መጥፋቱ ነው።

«ድምፅ አልባ ማለት ጸጥ ያለ ማለት ነው»

የሌለው ንግግሩ ነው። ጥንትም ፒያኖ፣ ኦርጋን ወይም ሙሉ ኦርኬስትራ ያጅበው ነበር፤ በጃፓን ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከስክሪኑ ጎን ሆኖ ታሪኩን ይተርክ ነበር። ዛሬ ሙዚቃው ከፊልሙ ጋር አብሮ ተቀድቶ ይመጣል። «ሙዚቃ ብቻ አይደል» ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ኦፕሬተር (ፊልሙን የሚያሳየው ባለሙያ) የተዋናዮቹን ንግግር ዝቅ እንዳደረገ ይቁጠረው።

«ስክሪኑን ካልሞላ ተበላሽቷል»

ይህን ሰምቶ ያልተሰላቸ የሲኒማ ባለሙያ አይገኝም። በድምፅ አልባው ዘመን በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ የአንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ወርድ 24፣ ቁመቱ 18 ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ ወርዱን ለቁመቱ ስናካፍል 1.33 ይመጣል። የዛሬው ስክሪን ግን ባብዛኛው ወይ 1.85 ነው ወይ 2.39። ዳይሬክተሩ የጥንቱን ቅርፅ ከመረጠ ግራና ቀኙ ጥቁር መሆኑ ግድ ነው። ወርዱ 10 ሜትር የሆነ የ2.39 ስክሪን ቁመቱ 4.2 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቁመት የ1.33 ምስል 5.6 ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ በየጎኑ 2.2 ሜትር ባዶ ይቀራል ማለት ነው። መቅረትም አለበት።

ጣጣው የሚመጣው ኦፕሬተሩ ለአቤቱታው እጁን ሲሰጥ ነው። የ1.85 ስክሪን እስኪሞላ ዙም ካደረገው ከምስሉ ቁመት 28 በመቶው ይጠፋል፤ 14 ከላይ፣ 14 ከታች። ከላይ የሚሄደው ባርኔጣና ግንባር ነው፣ ከታች ደግሞ እጅ። ንግግር በሌለበት ፊልም እጅን መቁረጥ ምላስን መቁረጥ ነው። ረዘም ያለ የጽሑፍ ካርድ (ንግግሩ ተጽፎ በስክሪኑ ላይ የሚታይበት) ከመጣም ከላይና ከታች ያሉት መስመሮቹ ይበላሉ። ከዚህ የሚብሰው «መፍትሔ» ምስሉን ወደ ጎን መለጠጥ ነው፤ ክብ የግድግዳ ሰዓት የተጋደመ እንቁላል መስሎ ከታያችሁ ይኸው ተደርጓል።

ትክክለኛው ሥራ የጎን መጋረጃዎቹን እስከ ምስሉ ጠርዝ ድረስ መዝጋት ነው። ዲጂታል ፕሮጀክተር ፍጹም ጥቁር ማውጣት ስለማይችል፣ መጋረጃው ክፍት ከቀረ ግራና ቀኙ ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ዓይንም ወደዚያ ይሳባል። ተመልካቹ በበኩሉ ከወትሮው ሁለት ሦስት ረድፍ ወደፊት ቀረብ ብሎ ቢቀመጥ ምስሉ አያንስበትም።

«ጥቁርና ነጭ ለመሥራት ቀለሙን ማጥፋት ይበቃል»

«ዘ አርቲስት» ራሱ በባለቀለም ፊልም ተቀርፆ ነው በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ የተቀየረው፤ ግን ማጥፋቱ የመጨረሻዋ ትንሽ ሥራ ናት። በተለመደው የዲጂታል ስሌት ብሩህነት ሲሰላ አረንጓዴ 72፣ ቀይ 21፣ ሰማያዊ 7 በመቶ ገደማ ይመዝናሉ። በዚህ ሚዛን ደማቅ ቀይ ቀሚስና ጠቆር ያለ አረንጓዴ መጋረጃ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። ስለዚህ ልብሱም የግድግዳው ቀለምም የሚመረጠው በግራጫነቱ ነው። ጥቁር ፀጉር ከጨለማ ግድግዳ እንዲለይ ደግሞ ከኋላ መብራት ይገባል። የስልካችሁን ካሜራ ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጋችሁ ልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን እዩበት፤ ስንቱ ልብስ እርስ በርሱ እንደሚመሳሰል ትደነቃላችሁ።

«የጥንት ተዋናዮች እየተጣደፉ ነበር የሚራመዱት»

በሰከንድ 16 ፍሬም የተቀረፀ ፊልም በ24 ሲታይ የአንድ ደቂቃ እርምጃ በ40 ሰከንድ ያልቃል። ጥፋቱ የተዋናዩ አይደለም፣ የማሳያው ፍጥነት ነው። የዘመኑ ሠሪዎች ይህን ቅልጥፍና በልክ ይጠቀሙበታል፦ «ዘ አርቲስት» በ22 ተቀርፆ በ24 ስለሚታይ 9 በመቶ ያህል ብቻ ይፈጥናል።

«የሚናገሩት ሁሉ መጻፍ ነበረበት»

አያስፈልግም። ተዋናዩ አፉን ይከፍታል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይላል፣ ካርዱ ይገባል፤ ካርዱ ሲወጣ ንግግሩን ሲጨርስ ታያላችሁ። ካርድ ካልመጣ ፊቱን አንብቡ።

«ንግግር ስለሌለው ማውራት ይቻላል»

አይቻልም።

«ምስሉ ደብዘዝ ያለው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው»

እውነተኛው ብልሽት የሚሸሸገው እዚህ ነው። የስክሪን ብርሃን መደበኛ ልክ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ አሃድ) ነው፤ ለጥቁርና ነጭም ያው ነው። ለ3ዲ ፊልም ከፕሮጀክተሩ ፊት የሚደረገው ማጣሪያ ሳይነሳ ከቀረ ከግማሽ በላይ ብርሃን ይበላል። ለ3ዲ የተሠራ ብርማ ስክሪን ላይ ከሆነ መሐሉ ደምቆ ዳሩ ይጨልማል፤ በባለቀለም ፊልም ላይ የማይስተዋለው ይህ ልዩነት በነጭ ሰማይ ላይ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ግራጫው ወደ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ካደላ የፕሮጀክተሩ የቀለም ሚዛን ተዛብቷል። የጽሑፍ ካርዱንም ልብ ብላችሁ እዩ፦ በነጮቹ ፊደላት ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀይ ወይም አረንጓዴ መስመር ካለ የፕሮጀክተሩ ሦስት የቀለም ምስሎች በትክክል አልተደራረቡም።

አቤት የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ። የቀለም ሚዛንና የምስል መደራረብ በዚያ ትዕይንት ላይ አይስተካከሉ ይሆናል፤ ማጣሪያ ማንሳትና ዙም መመለስ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለአስተናጋጁ «ምስሉ ተበላሽቷል» አትበሉት። «ከላይ ጭንቅላት ተቆርጧል» ወይም «የ3ዲ ማጣሪያው አልተነሳም» በሉት፤ ኦፕሬተሩ የቱን መንካት እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።