ዲቃላ ውሻ ለሥራ፦ ጅማ ላይ የሚወራውና እውነታው

ባለፈው ሳምንት ከሰካ ጨቆርሳ አንድ ወጣት ገበሬ ደወለልኝ። ቲክቶክ ላይ ለርቸር የሚባል ቀጭን፣ እግረ ረጅም ውሻ ጥንቸል ሲያሳድድ አይቶ ልቡ ሄዷል። «ይሄን አምጥተን ከእኛ ውሻ ጋር ብናዳቅለው በቆሎዬን ከዝንጀሮ አያስጥልልኝም ወይ?» ነው ጥያቄው። ሃያ ደቂቃ አወራን፣ አልጨረስንም። እንደሱ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጅማ መርካቶ ቡና ልጠጣ ቁጭ ካልኩ ወሬው ዞሮ ዞሮ ውሻ ላይ ያርፋል። ስለ ዲቃላ ውሻ ደግሞ እዚህ ከተማ የማይባል ነገር የለም። ብዙው ልክ አይደለም። በዚህ ምክንያት ሰው ገንዘቡን ያጣል፣ ውሻውም ይንገላታል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው አልኩ።

«ለርቸር የሚባል ዘር አለ»

ለርቸር የአንድ ዘር ስም አይደለም፣ የዲቃላ ስም ነው። እንግሊዝና አየርላንድ ውስጥ እንደ ግሬይሀውንድ ያለ በዓይኑ አይቶ የሚያሳድድ ሯጭ ከሌላ የሥራ ውሻ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ነው። ሌላው ወገን በግ የሚነዳው ኮሊ ሊሆን ይችላል፣ ጉድጓድ ገብቶ የሚያድን ትንሽዬ ውሻ፣ ቴሪየርም ሊሆን ይችላል። ድሮ ተደብቀው በሰው መሬት የሚያድኑ ሰዎች ውሻ ነው እየተባለ ይታማ ነበር።

እዚያ አገር ታዲያ «ለርቸር አለኝ» ብትል መጀመሪያ የሚጠይቁህ «ከምን ከምን?» ብለው ነው። የኮሊ ዲቃላ ነገር ቶሎ ይገባዋል፣ ይታዘዛል፣ ግን ከንጹሕ ግሬይሀውንድ ጋር እኩል አይሮጥም። ሳሉኪ ከሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ሯጭ የሚወለደው ዲቃላ ረጅም ሩጫ ይችላል፤ ስትጠራው ግን የሚመጣው ደስ ካለው ነው። ከዊፔት (ትንሽ ግሬይሀውንድ የሚመስል ሯጭ) እና ከቤድሊንግተን ቴሪየር የሚወለደው ትንሽዬ ነው፣ ለጥንቸል ተብሎ የሚራባ። ዲርሀውንድ ከሚባለው ግዙፍ የስኮትላንድ ሯጭ የሚወለደው ዲቃላ ደግሞ ትልቅና ጸጉሩ ሻካራ ነው። ፍጥነቱ ካነሳቸው ዲቃላውን መልሰው ከግሬይሀውንድ ጋር ያገናኙታል፣ ልጆቹ ሦስት አራተኛ የሯጭ ደም ይኖራቸዋል። እነሱ የሚነሱት ከሥራው ነው፦ ምን ያሳድዳል፣ የት ይሮጣል፣ ሜዳው ሰፊ ነው ወይስ ጥሻ? እኛ ግን የምንነሳው ከዘሩ ስም ነው። ስሙን ገዝተን ሥራ እንፈልግለታለን።

በነገራችን ላይ እዚያም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሕግ የዱር እንስሳን በውሻ ማደን አብዛኛው ተከልክሏል፤ ጥንቸልንና አይጥን ማደን ብቻ በተወሰነ ሁኔታ ይፈቀዳል። እኛም አገር ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለሚያባርር ውሻ ነው፣ ስለሚገድል አይደለም።

«ፈጣን ውሻ ጥሩ ሰብል ጠባቂ ነው»

ይሄን እኔም አምን ነበር። ነብሮ የሚባል ሯጭ ነበረን። ሆዱ ከጀርባው ጋር የተጣበቀ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ውሻ። ነሐሴ ነው፣ በቆሎው እሸት ደርሷል፣ እኔ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከወንዙ በኩል አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ ብቻውን ወጣ። ነብሮ አየውና እንደ ጥይት ሄደ። ጩኸት የለም፣ ዝም ብሎ ሩጫ ነው። ዝንጀሮው ጫካው ዳር እስኪደርስ አስሮጠውና ዛፍ ላይ ወጣ። ነብሮ ከዛፉ ሥር ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ፣ በሌላኛው ወገን ከጥሻው መንጋው ገባ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሁለት እሸት በብብት፣ አንድ በአፍ። ስጮህ፣ ስወነጭፍ፣ ነብሮ ሲመለስ ደክሞት ጥላ ፈልጎ ተኛ። ያን ቀን ሦስት መደዳ በቆሎ ሄደ። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የተረፈውን አገዳ እየሰበሰበ ለላሟ ሰጣት።

ጥፋቱ የነብሮ አልነበረም። ሯጭ ውሻ የተሠራው እንደዚያ ነው። የሚያየውን ይከተላል፣ ፊቱ ያለውን አንዱን ብቻ። ብዙ አይጮህም፣ ምክንያቱም የሚያሳድድ ውሻ ጩኸት አያስፈልገውም። ግሬይሀውንድ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ ግን ለአጭር ርቀት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ይግላል፣ ማረፍ አለበት። ሰብል ጠባቂ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። ቶሎ የሚሰማ፣ ገና ከሩቅ የሚጮህ፣ ትንሽ አባርሮ ወደ ማሳው የሚመለስ፣ ቀኑን ሙሉ የማይሰለች። ይሄን የሐበሻ ውሻችን ማንም ሳያስተምረው ይሠራዋል።

ሌላም ነገር አለ። ዝንጀሮና ጦጣ የቀን ሌቦች ናቸው። የዱር አሳማና ጃርት የሚመጡት ማታ ነው። በዓይኑ የሚያድን ውሻ በጨለማ፣ ሰው የሚያህል በቆሎ ውስጥ፣ ምን አይቶ ምን ያሳድዳል? ማታ የሚያስፈልግህ አፍንጫና ጆሮ ነው። ስለዚህ ውሻ ከመግዛትህ በፊት ማሳህን የሚያጠፋው ማን እንደሆነ እወቅ።

«ትልቅ ዲቃላ ዝንጀሮም ጅብም ይጥላል»

አይጥልም። የደረሰ ወንድ ዝንጀሮ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ክራንቻው ደግሞ ከውሻህ ክራንቻ ይረዝማል። ብቻውን የገጠመውን ውሻ ሆዱን ይዘረግፈዋል። ጅብማ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል አጥንት ሰባሪ ነው፣ ጀርመን ሸፐርድ ሆነ ዲቃላ አይመርጥም። የውሻ ሥራ መግጠም አይደለም፣ ማስጠንቀቅ ነው። ጎበዝ ውሻ ርቀቱን ጠብቆ ይጮሃል፣ አንተ እስክትደርስ ያቆየዋል። ለዝንጀሮ ከአንድ ግዙፍ ውሻ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ ከጎናቸው ደግሞ ሰው መኖር አለበት። ደፋር ነው ብለህ የምታሞግሰው፣ ዘሎ የሚገባው ውሻ፣ ቀድሞ የሚሞተው ነው።

«የፈረንጅ ደም በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ጅማ ላይ ዲቃላ ላም የያዘ ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል። የፈረንጅ ደሟ በጨመረ ቁጥር ወተቷ ሊጨምር ይችላል፣ መኖዋም፣ መድኃኒቷም፣ ሙቀት አለመቻሏም አብሮ ይጨምራል። ያንን ካላሟላህ ወተቱም አይመጣም። ውሻም ያው ነው። እዚህ ከተማ ዲቃላ ሲባል ብዙ ጊዜ የጀርመን ሸፐርድ ደም ያለበት ማለት ነው። ጥሩ ውሻ ነው፣ ጀርመን አገር በግ ሲነዳ የኖረ፣ ብልህ። ግን ድርብ ጸጉር አለው፣ ከላይ ሻካራ፣ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ። ጅማ ዝናብ ስትጀምር ታውቃላችሁ፣ አታቆምም። ያ ጸጉር ጭቃ ይዞ፣ ረጥቦ ሲያድር ቆዳው ይቆስላል፣ መዥገር ውስጡ ሲደበቅ አታየውም። ዘሩ የዳሌ መጋጠሚያ ችግርም ይወርሳል፤ ኋላው እየደከመ ሲሄድ ሥራው ያበቃል። ደግሞ 35 ኪሎ ውሻ ምን በልቶ ይኖራል? የተረፈ እንጀራና የተቀቀለ ቆዳ 18 ኪሎዋን የሐበሻ ውሻ ሊያቆያት ይችላል፣ እሱን ግን አጥንቱን ያስቆጥረዋል። ግማሹን ዓመት የተራበ ትልቅ ውሻ ከጠገበ ትንሽ ውሻ ያነሰ ይሠራል።

ግቢው ሰፊ፣ መጠለያውም ምግቡም የተሟላ ሰው፣ ሌት ዘበኛ የሚፈልግ ከሆነ፣ የሸፐርድ ዲቃላ ሊስማማው ይችላል። ለማሳ ግን የእኛው ደም ይብዛ ነው የምለው። አጭር ጸጉር፣ ጠንካራ መዳፍ፣ ትንሽ መብል።

«ዲቃላ ማለት ግማሽ በግማሽ ነው»

ሁለት ንጹሕ ዘሮች ከተዳቀሉ፣ በደም አዎ። ውሻ 78 ክሮሞዞም አለው፣ 39 ከእናት፣ 39 ከአባት። በጠባይ ግን ቡናና ወተት እንደመቀላቀል አይደለም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ስድስት ቡችሎች አንዱ የአባቱን ቁመት፣ ሌላው የእናቱን ፍርሃት፣ ሦስተኛው የሁለቱንም ድክመት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ዲቃላን ከዲቃላ ስታዳቅል ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። «እናቱም አባቱም ዲቃላ ናቸው» ተብሎ የሚሸጥ ቡችላ ምን እንደሚወጣው ማንም አስቀድሞ ሊነግርህ አይችልም።

የሻጮቹንም ነገር ልናገር። አባት ተብሎ የሚያምር ሸፐርድ በስልክ ፎቶ ያሳዩሃል። ውሻ ግን ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ በዚያ መሃል ከተለያዩ ወንዶች ብትገናኝ የአንድ ወሊድ ቡችሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። ተረት አይደለም፣ በትክክል ይሆናል። አጥሩ ክፍት ከሆነ ያ ፎቶ ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ ፎቶውን ተወውና እናትየውን እይ። አጠገቧ ቁም። ስትጠጋት ታመልጣለች፣ ትነክሳለች ወይስ ጮሃ ባለቤቷን ታያለች? ቡችሎቹ የሚያድጉት እሷን እያዩ ነው።

«ሴት ውሻ ለሥራ አትሆንም»

ይሄ ልቤን ይሰብረዋል። ሴት ቡችሎች በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው አዌቱ ወንዝ ዳር ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይናቸው እንኳ አልተከፈተም ነበር። ሴት ውሻ ትሰማለች፣ ትጮሃለች፣ ትጠብቃለች። እንደውም እንደ ወንዱ ሴት ፍለጋ ማሳ ጥላ ለቀናት አትጠፋም። ትወልድብኛለች ካልክ እውነትህን ነው፣ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው። ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ዝጋት፣ ወይም የእንስሳት ሐኪም እንዲያመክናት ጠይቅ። እኔ ካየኋቸው ሰብል ጠባቂዎች ሁሉ የምትበልጠው የጎረቤታችን ቡኒ ሴት ውሻ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ። ጃርት ገና አጥሩን ሲነካ ትሰማዋለች።

ማሰር፣ ሚጥሚጣ፣ ጆሮ መቁረጥ

ውሻን ኃይለኛ ያደርጋሉ ተብለው የሚደረጉትን እነዚህን ባንድ ላይ ልለፋቸው፣ ምክንያቱም መልሳቸው አንድ ነው፦ ጭካኔ እንጂ ሥልጠና አይደሉም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ኃይለኛ አይሆንም፣ ይጨነቃል፣ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውንም የጎረቤት ሕፃኑንም ሳይለይ ይነክሳል። ሚጥሚጣ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የተቆረጠ ጆሮ ዝንብና መግል ያመጣል፤ ደግሞ ጠባቂነቱ በጆሮው አይደል እንዴ! ጎበዝ የሚያደርገው ከሦስት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወሩ ገደማ የሚያየው ነገር ነው። ያኔ ሰው፣ ከብት፣ ልጆች፣ ዝናብ ይልመድ። ከእናቱ ሁለት ወር ሳይሞላው አትውሰደው። ከዚያ ሥራ ከሚያውቅ ትልቅ ውሻ ጋር ማሳ ይውረድ። ዲቃላም ይሁን ሐበሻ፣ ደሙ ብቻውን አያሠራውም።

«ዲቃላ በሽታ አይዘውም»

ዲቃላ መሆን በዘር የሚወረሱ አንዳንድ በሽታዎችን ሊቀንስ ይችላል። ከእብድ ውሻ በሽታ ግን አያድንም። ውሻህ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትብ፣ በየዓመቱም ድገም። የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሰው ከተነከሰ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ሥር መቀጥቀጥ ጊዜ ይበላል፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ሌላው የበዓል ሰሞን ነገር ነው። በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ እንወረውራለን፣ «ጥሬ ሥጋ ያጀግነዋል» ብለን። ያ ውሃ የቋጠረው ነገር የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ የሰው ጉበት ላይ ያብጣል። ቀቅላችሁ ስጡት ወይም ቅበሩት።

ለሰካው ልጅ በመጨረሻ ያልኩት ይሄን ነው፦ ለርቸሩን ተወው፣ የአንተ ችግር ቀን ዝንጀሮ ነው፣ ጩኸትና ትዕግሥት ነው የምትፈልገው። ጎረቤቱ ቤት ጥሩ ጮሂ የሐበሻ ውሻ ወልዳለች፣ ወንዶቹ ተወስደው ሁለት ሴቶች ቀርተዋል። «ሁለቱንም?» አለኝ። ሁለቱንም አልኩት። ትናንት ፎቶ ላከልኝ። አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ቡኒ፣ ጆንያ ላይ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ገና ሰባት ሳምንታቸው ስለሆነ ከእናታቸው ጋር አንድ ሳምንት ይቆያሉ።