ቡና ቤት ገብተው ቡና ካጡ

ከውጭ አገር የሚመጣን ዘመድ ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ የመጠጥ ቤቶቻችን ታፔላ ነው። «ቡና ቤት» የሚለውን አይቶ ማኪያቶ ሊጠጣ ይገባል። ውስጡ ግን ቢራና ሙዚቃ ነው። በክፍለ ሀገር ከተሞችማ ከጓሮ የሚከራይ አልጋም አይጠፋም። ለማኪያቶ ካፌ ወይም ኬክ ቤት ይሻላል። «ግሮሰሪ»ም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ አስቤዛ ሳይሆን ቢራ የሚሸጥበት ትንሽ ቤት።

የቀድሞዎቹ ስሞች ይሻላሉ፣ አይዋሹም። ጠላ ቤት ጠላ፣ ጠጅ ቤት ጠጅ ይሸጣል። ጠላ ቤት እንዲያውም ታፔላ አያስፈልገውም፤ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ካዩ ደርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ባለቤቷ እዚያው መኖሪያዋ ውስጥ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ናት። በዚህ ገቢ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች ብዙ ናቸው።

ጠጅ ግን ማር ይፈልጋል፣ ማር ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ድሮ በዋናነት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር። ለከፈለ ሁሉ በብርሌ መቅረቡ ከከተሞች መስፋፋት ጋር የመጣ ነገር ነው። አልኮል የማይወስድ ሰው፣ ካለ፣ ያልፈላ ብርዝ ማዘዝ ይችላል።